ባሕር በሞቀ ዓመት የበቀለ ጓያ

ቢቸና ገበያ ዳር ካለው ወፍጮ ቤት እህል ይዞ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሚዛኑን አይደለም፤ የይርጋነሽን አፍንጫ ነው። ይርጋነሽ የጆንያውን አፍ ፈታ ታደርግና ጎንበስ ብላ ታሸታለች። ጤፍ ከሆነ እጇን ወደ ውስጥ ታወዛውዛለች፤ ይግባ ማለቷ ነው። ገብስም፣ ስንዴም፣ በቆሎም ይግባ። ጓያ ከሆነ ግን ቀና ትልና ደጃፉ ላይ እንትፍ ትላለች። ምራቋ አንዳንዴ ከባለጆንያው ጫማ አጠገብ ያርፋል። ይቅርታ አትልም።

«ውሰድልኝ» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም።

የወፍጮው ባለቤት ሐብታሙ ድሮ ድሮ ይቆጣት ነበር፤ ደንበኛ ማባረር ምን የሚሉት ሥራ ነው እያለ። እሷም መልሷ አንድ ነው። ድንጋዩ ላይ የቀረ የጓያ ዱቄት የሚቀጥለው ሰው ገብስ ውስጥ ይገባል፣ የሰው ልጅ እግር በአንተ ወፍጮ አይሰበርም፣ ካልፈለግህ አሰናብተኝ። አላሰናበታትም። ልጅ ያላቸው እናቶች ሌላውን ወፍጮ እያለፉ እሱ ዘንድ ሲመጡ አየና ዝም አለ። አሁን ሰው ሁሉ ለምዷታል። ከኋላዋ «ምራቋ» ይሏታል፤ ታውቃለች፣ ግድም የላት።

ለነገሩ ጓያ ሽታው እንዲህ የሚያስተፋ አይደለም። ጥሬው አተር አተር ይላል፤ ሽሮው ሲንተከተክ እንዲያውም የሚጣፍጣቸው አሉ። ስለዚህ ገበያተኛው ይስቅባታል፣ ይህቺ ሴት ምን ነካት ይላል። የሚስቅ ሰው እስቲ ቤቷ ገብቶ ባሏን ፋንታን ይይ። ከዚያ ወጥቶ መሳቅ ከቻለ ይሳቅ።

ይርጋነሽ የሞጣ ገጠር ልጅ ናት። ታናሽ ወንድሟን አምባቸውን እዚያው ትታ፣ ከቢቸና በታች መረሬ በሚሉት ጥቁር አፈር ላይ ካለች መንደር ለፋንታ ተዳረች። ፋንታ ያኔ ሌላ ሰው ነበር። ለገና ጨዋታ ዱላውን ይዞ ሜዳ ሲወርድ የወዲያኛው ወገን «እሱ ካለ አንጫወትም» ብሎ ይጨቃጨቅ ነበር። ከኋላው ተነሥቶ የሚደርስበት አልነበረም። ይርጋነሽ ከሴቶቹ መሐል ቆማ ታያለች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች፤ የኔ ባል እያለች በሆዷ።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ክረምቱ ከዳቸው። ሐምሌ ላይ ደመናው ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ ጥቂት ጠብ አድርጎ ይሄዳል። ነሐሴ ሳያልቅ ሰማዩ ጠራ፤ መስከረም የመሰለ ፀሐይ ወጣ። ጤፉ ገና ክንድ ሳይሞላ ቢጫ ሆነ። ዓባይ ዙሪያውን ከቦን እኛ ሰማይ እናንጋጥጣለን፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ያለው ሰው አልዋሸም። ጳጉሜ ላይ አገሩ የሚያውቀውን አደረገ። መረሬው በሆዱ ያስቀራት እርጥበት አለች፤ በእርሷ ላይ ጓያ በተነ። ጓያ ዝናብ አይለምንም፣ ጠል ይበቃዋል። ሌላው ሁሉ ሲሞት እሱ ይለመልማል። የሚያስጠላውም ይኸው ነው፤ ሰው አማራጭ ሲያጣ ጠብቆ ይመጣል።

የአገሩ ሰው ጓያ እግር እንደሚሰብር ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ልቅም አድርጎ ያውቃል። የማያውቀው በየት በኩል እንደሚገባ ነው። በእንፋሎቱ ነው የሚገባ ይመስለዋል። ስለዚህ ጓያ ሊቀቀል ሲል ጎልማሳ ወንድ ከቤት ይወጣል። ገለባው ላይ አይተኛም። ላብ ያለው ሰው በጓያ ማሳ መሐል አያልፍም። ሴቲቱ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ትደፍናለች፣ ድስቱን ከድና ትቀቅላለች፣ ቤቱን ታናፍሳለች። ከዚያ በኋላ፣ እንፋሎቱ ወጥቶ ሲያልቅ፣ ባሏን ትጠራና ንፍሮውን በሰፌድ ሞልታ ታቀርብለታለች። ይህን ስናገር አፌ ይመረኛል። እባቡን በጓሮ አባርሮ መርዙን ማጉረስ እኮ ነው።

ይርጋነሽ ይህን ሁሉ ስታደርግ በሙሉ ልቧ ነበር። ፋንታን እንደ እሷ ከእንፋሎት የጠበቀ ማንም አልነበረም። ደጅ ብርድ ሲመታው ጋቢ ትልክለታለች እንጂ አታስገባውም። የሚቀርብለት ንፍሮም ከሁሉ የበዛው ነው፤ አራሽ ነዋ፣ ጉልበት ይሁነው።

የሚያውቅ ሰው አልጠፋም። ጤና ኬላው ላይ ሲስተር ሰሎሜ የምትባል ነርስ ነበረች፣ ከወላይታ ሶዶ ተመድባ የመጣች። ሴቶቹን ሰብስባ ነገረቻቸው። እንፋሎቱ አይነካም፣ የሚሰብረው የተበላው ነው፤ ወንዶችና ወጣቶች ላይ ይብሳል። ግድ ከሆነባችሁ በፈላ ውኃ ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉት፣ ደጋግማችሁ ድፉት፤ ብቻውን አትብሉት፣ እህል ይብዛበት፤ ባቱን ቁርጥማት የጀመረው ሰው ግን ከነጭራሹ አይቅመሰው። እንዲህ አለች። ሴቶቹ ተጠቃቀሱ። ሲስተር ሰሎሜ ጴንጤ ናት፤ ሮብና ዓርብ ስትበላ ታይታለች። ጾም የማታውቅ ሴት ስለ ጾም ምግብ ልታስተምረን መጣች ተባለ። ይርጋነሽም ከተጠቃቀሱት አንዷ ነበረች። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፣ ቤቷ ገብታ በሩን ደፈነች፣ ድስቷን ጣደች።

ግንቦት ላይ ፋንታ ባቱን ያዘው። ድካም ነው አለ። ሌላ ቀን ከተቀመጠበት ሲነሣ ጉልበቱ ተጣበቀበት። ጥቂት ቆይቶ ተረከዙ መሬት አልነካ አለ። በጣቶቹ ቆሞ፣ ጉልበቶቹ እየተፋጩ፣ ልክ መንገዱ እሾህ እንደሆነበት ሰው መሄድ ጀመረ። ሐኪም ቤት ወሰዱት፣ ጠበል ወሰዱት። ሐኪሙ የተሰበረው አይመለስም አለ፤ ጠበሉም ዝም አለ። ለገና ዱላ ይዞ ሜዳ ይወርድ የነበረው ሰው ለገና ሁለት ዱላ ይዞ ደጁ ላይ ተቀመጠ።

መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ቢቸና ገቡ፤ እሷ ወፍጮ ቤት ተቀጠረች። ጓያ በእጄ ብነካ እጄ ይቆረጥ ብላ ማለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው መትፋት የለመደችው።

ከዚያ ወዲህ ደህና የዘነበባቸው ዓመታት መጡ። አንዳንዱ ክረምት እንዲያውም ልክ አጥቶ መረሬውን ኩሬ አደረገው። ሰው ይረሳል፤ ሆድ ከሞላ የሚያስታውስ ማን አለ። በሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት፣ ሰኔ ላይ፣ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሐብታሙ ይርጋነሽን ወፍጮ ቤቱን ወክለሽ ሂጂ አላት። ሄዳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ስጦታው የሚባል ወጣት የአየር ጠባይ ባለሙያ ተነሥቶ ሰሌዳ ላይ ባሕር ሳለ። ልጁ ደህና ልጅ ነው፣ በእሱ ቂም የለኝም። «ከዚህ በጣም ሩቅ ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚባል አለ» አለ። «ከምድር ባሕር ሁሉ ትልቁ ነው። በደህናው ጊዜ ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየነፈሰ፣ ፀሐይ ያሞቀችውን የላይኛውን ውኃ ወደ እስያ ይገፋዋል። በየጥቂት ዓመቱ ያ ነፋስ ይደክማል። ያን ጊዜ የሞቀው ውኃ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ዝናብም ሙቀቱን ተከትሎ ቦታ ይለውጣል። እዚያ የተነካው አየር እዚህ ድረስ ይነካካል። ፔሩ በጎርፍ ትወሰዳለች፣ አውስትራሊያ ትደርቃለች፣ የእኛ ክረምት ይሳሳል፤ ሶማሌ ክልል ደግሞ በጥቅምት ጎርፍ ሊመጣበት ይችላል። ኤልኒኖ ይሉታል። ውኃው ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ ላኒና ይሆናል፤ ያኔ የእኛ ክረምት ብዙውን ጊዜ ይበረታል። ዘንድሮ ባሕሩ እየሞቀ ነው።»

ቄስ አምላኩ የሚባሉ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ይህ ባሕር ከዚህ በፊት የሞቀው መቼ ነው?»

«ብዙ ጊዜ ሞቋል አባ። በጣም የበረታው ግን በሁለት ሺህ ሰባት ነው» አላቸው።

ይርጋነሽ ዓመቱን በጣቷ ቆጠረች። ሰባት ዓመት ሙሉ የፋንታን እግር ማን ሰበረው ስትል ኖራለች። ኃጢአት ነው ብላለች፤ የሰው ዓይን ነው ብላለች፤ እንፋሎቱን በደንብ አልደፈንሁት ይሆን ብላ አልቅሳለች። ለካስ ነገሩ የጀመረው አይታው በማታውቀው፣ አንድም ቀን ባልደረሰችበት ባሕር ላይ ነው። ሰላማዊ ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ቢቸና መጥቶ አያውቅም።

«እሺ ምን እንዝራ?» አለች ከበሩ አጠገብ።

ስጦታው ቶሎ የሚደርስ ዘር ፈልጉ፣ እርጥበቱን ለመያዝ ቀድማችሁ ሥሩ፣ እህላችሁን አትሽጡ ሊል ጀመረ። ሰብሳቢው ቸኩሎ ነበር፤ ምሳ ደርሷል። «ሴትዮ፣ ድርቅ የሚችል ሰብል መቼ ጠፋ?» አለ የታሸገ ውኃውን እየከፈተ። «ጓያ አለ አይደል እንዴ!»

ይርጋነሽ አዳራሹ ውስጥ እንትፍ አለች። ከዚያ ተነሥታ ወጣች። ሰው ነውረኛ አላት። እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ከተደረገው ሁሉ ንጹሑ ነገር ያ ምራቅ ነው እላለሁ።

ባሕሩ ሞቀ፤ ክረምቱ ሳሳ። ነሐሴ ላይ ያው ፀሐይ፣ ያው ቢጫ ጤፍ። ጳጉሜና መስከረም ላይ ምድሩ ሁሉ ጓያ ተዘራ። ጥቅምት ላይ የሆኑ ሰዎች በመኪና መጥተው ማሳ ዳር ፎቶ ተነሡ። እርሻው አረንጓዴ ነው፣ ስጋት የለም ተብሎ ተወራ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! አረንጓዴ ነበር፣ እውነት ነው። ምን እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ግን የለም። እኛም ብንሆን ከእነሱ አንሻልም፤ እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊታችንን ነው የምናየው።

ዐቢይ ጾም እንደተያዘ አንዲት የሞጣ ሴት ለዘመድ ጥየቃ መጥታ ወፍጮ ቤት ገባች። ይርጋነሽ የወንድሟን የአምባቸውን ቤት ጠየቀቻት።

«ደህና ናቸው» አለች ሴትዮዋ። «ጤፉ ባይሆንላቸውም እግዚአብሔር ይመስገን ጓያው ሰጥቷቸዋል። ቢያዝን ጎበዝ ሆኗል፣ እርሻውን እሱ ነው የያዘው።»

ቢያዝን የአምባቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ጢሙ ገና ማቀምቀም ጀምሯል። የፋንታ እግር በተሰበረ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበር። ይርጋነሽ መቀነቷን ፈታ መልሳ ታጠቀች። በማግሥቱ የጤፍ ዱቄትና ገብስ አሸክማ ሚኒባስ ላይ ወጣች። መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ የከረመ ነው፤ ደብረ ወርቅ ላይ አደረች፣ ቀራኒዮ ላይ ወርዳ በእግሯ ሄደች፣ እንደምንም ሞጣ ገባች፣ ከዚያም ገጠሩን ተያያዘችው።

የአምባቸው ቤት በሩ ተዘግቷል። በስንጥቁ ሁሉ ጨርቅ ተወትፏል። ከጣሪያው ሥር እንፋሎት ይወጣል። ይርጋነሽ ደጁ ላይ ቆማ ጨርቁን አየችው። የራሷን እጅ ያየች መሰላት። ወደ አጥሩ ዞር ብላ ባዶ ሆዷን አስታወከች።

ቢያዝን ከአጥሩ ጥግ ግንድ ላይ ተቀምጧል። «አክስቴ!» ብሎ እጁን ጭኑ ላይ ደግፎ ተነሣ። እሷ ጉንጩን አልሳመችም። ዓይኗ እግሩ ላይ ነው።

«ለምን ውጭ ተቀመጥህ?»

«እናቴ እንፋሎቱ እስኪወጣ ብላኝ ነው።»

«እስቲ እስከ በሩ ሂድና ተመለስ።»

ልጁ ግራ ገባው፣ ግን ሄደ። ተረከዙ መሬት ነካ። ሲመለስም ነካ። ይርጋነሽ ወደ ባቱ ጎንበስ አለች።

«ባትህን ያምሃል?»

«ሌሊት ሌሊት ይሸመቅቀኛል። አባቴ ድካም ነው ብሎኛል።»

ድካም ነው። ይህችን ቃል ታውቃታለች፤ ከፋንታ አፍ ሰምታታለች።

በሩ ተከፈተ። የአምባቸው ሚስት ወለተ ሐና ላቧን እየጠረገች ወጣች፤ ይርጋነሽን ስታይ ደስ ብሏት ጎንበስ ብላ ሳመቻት። «እንኳን ደህና መጡ እትዬ፤ ምነው ሳይልኩብን» እያለች አስገባቻት። አምባቸውም ከማሳ ደረሰ፤ ለእህቱ መቀመጫውን ለቀቀላት። ማዕዱ ቀረበ። ሁለት ሆኖ ነው የቀረበው። በአንዱ መሶብ ከተረፈችው ጤፍ የተጋገረች እንጀራ፣ ለአባወራውና ለእንግዳዋ። በሰፌዱ ደግሞ ትኩስ የጓያ ንፍሮ፣ ተራራ ያህል፣ ለቢያዝን።

«ጾሙ ሲከብደው ጉልበት ይሁነው ብዬ ነው» አለች ወለተ ሐና። «እንፋሎቱን ግን አላስነካውም። ደጅ ነው የማቆየው። እርስዎ ቤት በደረሰው ጊዜ ተምሬያለሁ።»

ይርጋነሽ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ይህች ደግ ሴት የተማረችው ከእሷ ነው። ሰፌዱን አነሣችና ንፍሮውን ከነትኩሱ ደጅ ደፋችው። ዶሮዎች ተሯሯጡ።

አምባቸው መብሉ ሲደፋ ሲያይ እጁን ወደ ሰፌዱ ዘረጋ። «እህቴ፣ እህል ነው እኮ።»

«እህል አይደለም፤ የልጅህ እግር ነው» አለችው። «እንፋሎቱ አይደለም የሚሰብረው። የሚሰብረው የሚበላው ነው። እኔ በሩን ደፍኜ በጄ አጉርሼ ነው ፋንታን የሰበርሁት። ነርሷ ነግራኝ ነበር፤ ጾም አትጾምም ብዬ አልሰማኋትም። ዝናቡን የከለከለን ሩቅ ያለ ባሕር ሞቆ ነው፤ እግሩን የምንሰብረው ግን እኛ ነን። ልጅህን ባቱን ጀምሮታል። ይህን ቆሻሻ ጣሉት።»

አምባቸው የፈሰሰውን ንፍሮ በበሩ አሻግሮ አየ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዝናብ የከዳው ሰው ነው።

«ጣልነው እንበል» አለ። «ከዚያስ ምን ይብላ? ምን እንብላ? ጎተራውን እይው። ያመጣሽው ለስንት ቀን ይሆናል? ወይስ ሄጄ ያንቺን ባሕር ላቀዝቅዘው?»

ይርጋነሽ ጎተራውን አየችው። ሰባት ዓመት ሙሉ ውሰድልኝ ብላለች፣ ተፍታለች፣ ሰው አዋርዳለች። ወስዶ ምን ያድርገው ብላ ግን አንድም ሰው ጠይቃ አታውቅም። ከወፍጮ ቤቱ ደጅ የመለሰችው ጆንያ ሁሉ ወደ ቤት ሄዷል፤ በድንጋይ ተፈጭቷል፣ በድስት ተቀቅሏል፣ ተበልቷል። ሲስተር ሰሎሜ የነገረቻቸውን እሷ ታውቃለች፤ ለማን ተናገረች? ስሙን መጥራት ይቀፋት ስለነበር ዝም አለች። ምራቅ ሰው አያጠግብም። ይህ ሲገባት ራሷን የተጸየፈችውን ያህል ጓያውንም ተጸይፋ አታውቅም።

እጅጌዋን ሰበሰበች። «ጥሬውን አምጪው» አለቻት ወለተ ሐናን።

ጓያውን በሰፊ ድስት አድርጋ የፈላ ውኃ ቸለሰችበት። ሲርስ ውኃውን ደፋች፤ አረፋና ቢጫ ዝቃጭ ነበረው። ደግማ ቸለሰች፣ ደግማ ደፋች። ጓያውን በእጇ እያሸች ስታጥብ ልጣጩ ጣቶቿ መሐል ይሙለጨለጫል። በየመሐሉ ፊቷን ታዞራለች፤ ተመልሳ ትነክራለች። እጄ ይቆረጥ ያለችበት እጅ ነው። ወለተ ሐና አጠገቧ ቁጭ ብላ ውኃ ታቀብላታለች። ጓያው አደረ፤ ጧት የመጨረሻውን ውኃ ደፉና ከብዙ ገብስ ጋር አድርገው ጣዱት።

ወለተ ሐና ከልማዷ ጨርቁን አንሥታ በሩን ልትደፍን ስትል ይርጋነሽ ከእጇ ተቀበለቻት፤ ወደ እሳቱ ጣለችው። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ቢያዝንን ጠራችው።

«ና፣ እዚህ ድስቱ አጠገብ ቁጭ በል።»

ልጁ እናቱን አየ። እናቱ የሸሚዙን ጫፍ ያዘች። ይርጋነሽ ክዳኑን አነሣች፤ እንፋሎቱ ፊት ለፊቷ መጣ፣ ፊቷን አልፎ የልጁን ፊት ሸፈነ። ወለተ ሐና ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈሯ እመ ብርሃንን ይጠራል፤ ሸሚዙን ግን ለቀቀችው። ልጁ እንፋሎቱ ውስጥ ተቀምጦ አስነጠሰ። ሌላ ምንም አልሆነም።

የከበደው የማዕዱ ነገር ነው። ባቱን የጀመረው ሰው አይቅመሰው ነበር የተባለው፤ ይርጋነሽ እንጀራውን ቢያዝን ፊት አደረገች፤ የገብስና የጓያውን ንፍሮ በአምባቸው ፊት አኖረች። የነፍስ አባታቸው አባ ሽታሁን የዚያን ቀን ጎራ ብለው ነበር፤ ለእሳቸውም ከዚያው ሰፌድ ቀረበላቸው። በዚያ አገር ልጅ ጤፍ ሲበላ አባት ንፍሮ፣ ካህን ንፍሮ፣ ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። ቢያዝን እጁን ወደ እንጀራው አልዘረጋም፤ በኀፍረት አንገቱን ደፋ። አባ ሽታሁን መስቀላቸውን በእጃቸው ያገላብጣሉ። አምባቸው ወደ ግድግዳው ይመለከታል።

ይርጋነሽ ከሰፌዱ አንድ እፍኝ ዘገነች። አሸተተችው፤ ልማዷ ነው። ደጃፉ ክፍት ነበር፣ ምራቋም አፏን ሞልቶት ነበር። ዋጠችው። ከዚያ ንፍሮውን ቃመች። እያላመጠች ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ደረቷ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ አላት፤ አፏን በመዳፏ ያዘች፣ ዋጠች። ደግማ ዘገነች።

አባ ሽታሁን በሰፌዱ ላይ አማተቡና ከጎኗ እጃቸውን ሰደዱ። አምባቸው እያያቸው ቆየ። «ብላ ልጄ» አለው ቢያዝንን፤ ከዚያ አባትየው ሰፌዱን ወደ ራሱ ሳበ።

ቢያዝን እንጀራዋን ቆረሰ።

ይርጋነሽ ጥቂት ቀን ሰነበተች፤ ለጎረቤት ሴቶችም ድስታቸውን አስጥዳ አሳየቻቸው። ከዚያ በመጣችበት መንገድ ቢቸና ገባች። ፋንታ ደጁ ላይ፣ ዱላዎቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። አጠገቡ አረፍ አለች። እጇን ያዘ፣ ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ከስምንት ዓመት በኋላም ሽታውን አልረሳውም።

«ነካሽው?» አላት።

«ነካሁት። በላሁትም።»

«ልጁስ?»

«ከእንግዲህ አይበላም። ባቱን ጀምሮት ነበር።»

ፋንታ የራሱን እግሮች አየ። ተረከዞቹ በተቀመጠበት እንኳ ከመሬት ከፍ ብለው ነው ያሉት።

«ተረከዙ ይነካል?»

«እስካሁን ይነካል» አለችው።

ፋንታ ራሱን ነቀነቀ። እጇን መልሶ ጭኗ ላይ አኖረላት።

«ሂጂ ታጠቢ» አላት። «ትሸቻለሽ።»